ወንዙ ድረስ የሚሰማ ድምፅ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው የአየር ጠባይ ትንበያ ሲያሰማ፣ በደጋው ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ስለሚጥል የቆላ ወንዝ ዳር ነዋሪዎች ከጎርፍ ይጠንቀቁ አለ። እኛ ዘንድ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር።

በጣሊያን ዘመን ትንበያችን የሰው ጉሮሮ ነበር። ደብረ ሲና ላይ ሲዘንብ ደገኞቹ ወደ ታች ይጣራሉ፤ ጥሪው ከጉብታ ጉብታ እየተቀባበለ ወንዙ ይደርሳል። የሰማ ሰው አህያውን አጠጥቶ፣ ስልቻውን ሞልቶ፣ ሳይጣደፍ ለመውጣት ጊዜ ይተርፈው ነበር። የመጨረሻው ጉብታ የእኛ ነው። ጣሊያን ግን ለአርበኞች ምልክት መስጫ ነው ብሎ መጣራትን ከለከለ። የጮኸ ይገረፋል።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ዝምተኛ ነኝ፤ ፊደልም ያለ አስተማሪ፣ በከሰል እየጫርኩ ነው የተማርኩት። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ይቀልድብኛል። «አንተ እኮ፣ ወላሂ፣ ጎርፍ ቢመጣ እንኳ ጽፈህ ነው የምትልክልኝ!»

ሰኔ ነው። ሰይድ አህያዋን ይዞ ከወንዙ አሸዋ ቆፍሮ ውሃ ሊቀዳ ወርዷል፤ እኔ ደጃፍ ተቀምጬ የማሽላ ቂጣ እበላለሁ። ነፋሱ የረጠበ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ወዲያው ከላይኛው ጉብታ የእትዬ ደስታ ድምፅ ተሰማ።

«ኧረ ወንዝ መጣባችሁ! ኧረ ውጡ!»

ባሏ የሞተባት ብቸኛ ሴት ናት፤ አልፈራችም። እኔም አፌን ከፈትኩ። ከታች መንገዱ ዳር ሁለት ባንዶች ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ወደ እኔ አንጋጠጡ። አፌን ዘጋሁ። ከመጮህ ሮጬ ብነግረው ይሻላል አልኩና፣ እንዳያዩኝ በቁጥቋጦው በኩል ዞሬ ቁልቁል ሮጥኩ።

ስደርስ ሰይድ ወንዙ መሐል፣ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ በቅል ይቀዳል። ቀና ብሎ ሳቀ።

«ምነው፣ ወረቀቱን ይዘህ መጣህ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ውጣ! ጎርፍ!»

ከዳሩ እስከ እሱ ሃያ እርምጃ ያህል ነው። ውሃው ግንድ እያንከባለለ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል፣ ሰይድ አንድ እግሩን ከጉድጓዱ አውጥቶ ነበር። አንዱን ብቻ። አህያዋ ወጣች። እሱን በሦስተኛው ቀን ከታች፣ አሸዋ ውስጥ አገኘነው።

እናቴ ለለቀስተኛው ሁሉ «ወንድሙ ሮጦ ነበር፣ አልደረሰለትም» ትል ነበር። እስክትሞት አላረምኳትም።

ትናንት ትንበያው እንዳለቀ ከዘራዬን ይዤ ጉብታው ላይ ወጣሁና ጮህኩ። የልጅ ልጄ ሳቀች። «አባባ፣ ሬዲዮው ተናግሯል እኮ! ጉሮሮዎን ለምን ያደክማሉ?»

ታች፣ ወንዙ መሐል አህያ የሚያጠጣ አንድ ሰው ቀና አለ። ወደ እኔ ተመለከተ፤ አህያውን እየነዳ ወጣ።

በዚህ በተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፄ።