አሥራ አራተኛው ድንጋይ

ቀያሿ ሽማግሌውን በቅጡ አታውቃቸውም፤ ከተዋወቁ ገና ሦስት ቀናቸው ነው። የሽማግሌው ሥራ በቅኝ ግዛት ዘመን የተተከሉትን የድንበር ድንጋዮች ኖራ መቀባት ነው። የኮታቸው እጅጌ ከኖራው ብዛት እንደ ካርቶን ደርቋል። ድንጋዮቹን በቁጥር ሳይሆን በጠባይ ነው የሚያውቋቸው፤ «ይሄ ሰነፍ ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ይጋደማል» ይላሉ።

አሥራ አራተኛው ጋ ሲደርሱ ጨዋታው ቆመ። ቀያሿ በያዘችው አሮጌ ካርታ መሠረት ድንጋዩ ከሽማግሌው ቤት ደጃፍ ፊት መሆን ነበረበት፤ የተገኘው ግን ከጓሯቸው ኋላ ነው። ወደ ጥንት ቦታው ከተመለሰ ቤታቸው ለጎረቤት አገር ይሆናል።

«አባባ፣ ይሄንን ከቦታው ማን አነሣው?» አለች፣ እርሳሷን እንደያዘች።

ሽማግሌው ብሩሻቸውን ኖራው ውስጥ ነከሩ።

«እኔ ቆሞ ያገኘሁትን እቀባለሁ፤ አንቺም ቆሞ ያገኘሽውን ለኪ፣ ልጄ» አሏትና ጀርባቸውን ሰጧት።