የቤት ግብርና የጋሽ ተክሌ ምስክርነት

ልጅ እያለሁ ቤታችን የሚሸተው የበግ ፀጉር ነበር። ክረምት ላይ ጉሙ ከጓሳ ተራራ በኩል ወርዶ ግቢውን ሲሞላው፣ ያ ሽታ ከጭሱ ጋር ተደባልቆ ልብሳችን ላይ፣ ፀጉራችን ላይ፣ ደብተራችን ላይ ሳይቀር ያድር ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ "ባና መጣች" ትለኛለች። አልቀየማትም፤ እሷም ቤቷ የምትለብሰው አባቴ የሠሩትን ባና ነው። የእኔ ዕድሜ የመንዝ ልጆች ያን ወፍራም የሱፍ ልብስ አትረሱትም። ተሸምኖ ሲያልቅ ውሃ እየተረጨ ይረገጥ ነበር፤ መርገጡ ለእኛ ለልጆቹ ሥራም ጨዋታም ነበር። ተቃቅፈን እየዘፈንን ስንረግጥ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው "ጠበቅ አድርጉት፣ ብርድ ቀዳዳ ፈላጊ ነው" ይሉናል።

አባቴ አቶ ጌታነህ ይባላሉ። የምንኖረው ከዘመሮ ግማሽ ቀን በእግር በምታስኬድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበር። ቤቱን የሠሩት ከጎረቤታችን ከጋሽ ተክሌ ጋር ነው፤ ማገሩን አንዱ ሲይዝ ሌላው እየመታ፣ ጭቃውን አብረው እያቦኩ። ሰፈሩ በጓሳ ሣር ሲከደን የእኛን ቤት ቆርቆሮ አለበሱት። ዝናብ ሲመጣ ድምፁ ያስፈራ ነበር፤ አባቴ ግን ዝም ብለው ያዳምጡታል፤ ደስ ይላቸዋል።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ጠዋት ከመኝታቸው ለመነሣት ሲሞክሩ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ጠበሉም ተሞከረ፣ ሐኪም ቤትም ተሄደ። እግራቸው በከዘራ መራመድ ጀመረ፤ እጃቸው ግን አልተመለሰም። አንድ እጅ ደግሞ አይሸምንም። ከዚያ ወዲያ እናቴ የሰው ሱፍ እየነደፈች፣ እየፈተለች በምታገኘው ሽርፍራፊ ነበር የምንኖረው። የከተማው የቤትና የቦታ ግብር በዚህ መሀል ሳይከፈል ከረመ፤ በላዩ ቅጣት ተጨመረበት። የቀበሌው ተላላኪ በመጣ ቁጥር እናቴ ደጅ ድረስ ወጥታ በሹክሹክታ ትመልሰዋለች፤ አባቴ እንዳይሰሙ።

አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት ሴት፣ መክፈል የማይችል ሰው ከግብሩ ነጻ እንደሚደረግ ነገረቻት። እናቴ ጠይቃ አረጋገጠች። የቤቱ ባለቤት ራሱ የቀበሌው ስብሰባ ላይ መቅረብ አለበት፤ የሚያውቀው ሽማግሌም ቆሞ ድህነቱን መመስከር አለበት። የዚያኑ ዕለት ወደ ጋሽ ተክሌ ቤት ይዛኝ ሄደች። ጋሽ ተክሌ ገብስ እያበጠሩ ነበር። ስትነግራቸው ሰፌዱን አስቀመጡት።

"ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?" አሉ።

"ደሃ ነው፣ የሚከፍለው የለውም ይበሉልኝ። ሌላ ቃል አልፈልግም።"

"ጌታነህን? ሰው መሀል?"

"ቤቱ እንዳይሄድብን ነው፣ ወንድሜ።"

እኔን አዩና "እሺ እቴ፣ ለልጆቹ ስል እላለሁ" አሏት። እናቴ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከሏት። ስንመለስ መንገድ ላይ ታንጎራጉር ነበር። አባቴ ከታመሙ ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም።

ለአባቴ የነገረቻቸው ግማሹን ነው፤ ግብሩ እንዲቀር ማመልከቷን እንጂ የሚባለውን ቃል አልነገረቻቸውም። በስብሰባው ቀን ታጥበው፣ ራሳቸው የሠሩትን በርኖስ ካልለበስኩ አልወጣም አሉ። እናቴ በአሮጌው ጋቢ እንዲሄዱ ብትለማመጥ "በአደባባይ?" ብለው ዝም አሰኟት። በግራ እጃቸው ከዘራቸውን ይዘው፣ በማይታዘዘው ጎናቸው እኔ ትከሻዬን ሰጥቻቸው ሄድን። ስንገባ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ብድግ አለላቸው። ሽመና ያስተማሯቸው ጎረምሶች ሳይቀሩ ከኋላ ቆመው ነበር።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ጉዳዩን በአጭሩ ተናገረና ወደ ጋሽ ተክሌ ዞረ። "እርስዎ የቅርብ ጎረቤት ነዎት። አቶ ጌታነህ ደሃ ናቸው? ግብሩን መክፈል አይችሉም?"

የአባቴ ክንድ ትከሻዬ ላይ ሲከብደኝ ተሰማኝ።

ጋሽ ተክሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች። እሳቸው ግን የሚያዩት አባቴን ነው። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት። በመጨረሻ "ጌታነህ" አሉ፣ "እኔ በታመምኩ ጊዜ እርሻዬን ያኔ በነበረው በሬ አሳርሶልኛል። እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሱን ልብስ ለብሷል። ጌታነህ ደሃ አይደለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከማንም አያንስም።"

"እውነት ነው" አለ ከኋላ አንድ ሰው። ሌሎችም ተቀበሉት።

ሊቀመንበሩ ግራ ገባው። "አቶ ተክሌ፣ ጥያቄው ገብቶዎታል?"

"ገብቶኛል" አሉና ተቀመጡ።

አባቴ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው "ያክብርልኝ፣ ወንድሜ" አሉ። የሊቀመንበሩ እስክርቢቶ ሲጽፍ ሰማሁት። በቃ፣ የማመልከቻው ነገር ያለቀው ያኔ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ትከሻዬን ለቀው በከዘራቸው ብቻ ሄዱ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ቆመው ሰላም ይላሉ። ያን ቀን እንደበሉት በልተው አያውቁም። እናቴ ጥግ ተቀምጣ ሱፏን ትነድፋለች፤ ደጋኑ ድው፣ ድው ይላል። ሳህኑን ላነሣ ስጠጋት ቀስ ብላ "ክብሩንስ ሰጡን፣ ግብሩን ማን ይስጠን?" አለችኝ። እኔ የአባቴን ፊት አይቼ ደስ ብሎኝ ስለነበር ምን እንዳስከፋት ወዲያው አልገባኝም።

የገባኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሽመናው ዕቃ ተሸጠ፤ ቀጥሎ በመንገዱ በኩል ያለው የግቢያችን ግማሽ። ገዢው ጠጅ ቤት ከፈተበት፤ አባቴ ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ የሰካራም መሽኛ ሆነ። ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ከእናቴ ጎን ለመፍተል ተቀመጥኩ። ይህም አልበቃም፤ የቀረው ውዝፍና ቅጣት ተከማችቶ ቆርቆሮውን ቤት በርካሽ ሸጠን፣ ከአንዲት ዘመዳችን ጓሮ የማድቤት ያህል ጎጆ ውስጥ ገባን። ጋሽ ተክሌ በየመኸሩ አንድ ስልቻ ገብስ በአህያ ጭነው ያመጡልን ነበር። እናቴ ትቀበላቸዋለች፤ ግን "ይቀመጡ" ብላቸው አታውቅም። ከአባቴ ጋር ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ይውላሉ። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ያን ምስክርነት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይተርኩት ነበር።

የቀብሩ ዕለት፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ጋሽ ተክሌ እናቴ አጠገብ ቆሙ።

"እቴ፣ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ዓይኑን ሳየው ጠፋኝ" አሏት።

"አውቃለሁ" አለች እናቴ። "እኔም ብሆን ዓይኑን እያየሁ አልለውም ነበር። ልጄ ግን ከትምህርቷ ቀረች።"



አሁን እኔም ባሌ ሞቶብኛል፤ ከመንዝ ወርጄ የምኖረው በሌላ ከተማ፣ ባሌ ትቶልኝ ባለፈው ትንሽ ቤት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት እሠራለሁ። ዘንድሮ የቤቱ ግብር ሲመጣ ደሞዜና እሱ አልተገናኙም። የገቢዎች ቢሮ ሄድኩ። ወጣቷ ሠራተኛ "እማማ፣ ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ቅናሽ አለ፤ የሚያውቅዎት ጎረቤት ይምጣና ይመስክር" አለችኝ። በትሕትና ነው የነገረችኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩና የሚያውቀኝን ሰው ፈለግሁ። በሰፈሩ ስንት ዘመን ኖሬያለሁ፤ ግን ሁሉም ጠዋት በሩን ቆልፎ ይወጣል፣ ማታ ከፍቶ ይገባል። በመጨረሻ ከፊት ለፊቴ ያለውን በር አንኳኳሁ። አንዲት ሴት ወጣች። ነገሩን ስነግራት አላንገራገረችም፤ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ቢሮው ድረስ መጣችልኝ።

ስልክ እያወራች ነበር። ሠራተኛዋ "ያውቋቸዋል?" አለቻት።

"አዎ፣ ጎረቤቴ ናቸው። ደሃ ናቸው፣ ምንም የላቸውም" አለችና ፈርማ ባጃጅ አስቁማ ሄደች። ቤቴ ገብታ አታውቅም። ስትናገር ፊቴንም አላየችም። ማመልከቻው ላይ ማኅተም ተመታ፣ ግብሩ ተቀነሰልኝ፣ ቤቴ ተረፈ። እናቴ የለመነችውን ቃል እኔ በአንድ ጠዋት አገኘሁት። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ግን መነሣት አቃተኝ። ጋሽ ተክሌ በጓዳችን ስንት ቁና እህል እንዳለ ሳይቀር የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እሳቸውን እንቅ ያደረጋቸው ቃል ይችኛዋን ስልኳን እንኳ አላዘጋትም። ቢሆንም በጎ ነው የሠራችልኝ፤ ልቀየማት አልችልም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላመሰግናት ትንሽ ቆሎ ቋጥሬ በሯን አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች ከውስጥ።

ስሜን ልነግራት አልኩና ተውኩት፤ አታውቀውም።

"ያቺ የመሰከርሽላት ደሃ ነኝ" አልኳት።