ሆን ተብሎ የደፈረሰ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሰናይት ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አዲስ የተከፈተ ቢራ ቤት ወሰደችኝ። ከየካ አባዶ እዚያ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይያዛል፤ ኢምፔሪያል ላይ ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ብዙ ቆመናል። ስንደርስ የፈለግኩት ወንበር ብቻ ነበር። ቢራውን እዚያው ግቢ ውስጥ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጠምቁት። ሰናይት ያዘዘችልኝን ሄዚ አይፒኤ ይሉታል። ሲመጣ ደፍርሷል፤ ጣቴን ከብርጭቆው ጀርባ ባስቀምጥ አልታይ አለኝ።

«ይኼ አልጠለለም» አልኩት አስተናጋጁን።

«ሆን ብለን ነው እማማ። እንዲህ ነው የሚጠጣው፤ ይቅመሱት።»

ቀመስኩት። መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ሽታ አለው፤ ኋላ ምላስ ላይ የሚቀር ምሬት። ጌሾ አይደለም፤ ግን ዘመዱ ይመስላል። ሰናይት «እንዴት ነው እቴቴ?» ስትለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ሐሳቤ ግን «ሆን ብለን ነው» የሚለው ላይ ቀርቶ ነበር።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ገርጂ፣ ዛሬ ቀለበት መንገዱ ከሚያልፍበት ብዙም ሳይርቅ ነበር። ዙሪያው የስንዴ ማሳ ነው። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጫማ ስለሚያስቀር፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ እስከ አስፋልቱ እሄድና እዚያ እግሬን ታጥቤ ወደ ትምህርት ቤት እቀጥላለሁ። እናቴ ወይዘሮ በላይነሽ በጠላዋ የታወቀች ነበረች። ማኅበር ወይም ሠርግ ያለበት ሁሉ እሷን ያስጠምቃል። የእሷ ጠላ ሲቀዳ ከብርጭቆው ማዶ የተቀመጠ ሰው ፊት ይታያል ይባል ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ እኔን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሊመጣ መሆኑ ተነገረ። ልጁ የሞጆ ነጋዴ ልጅ ነው። እናቱ ታማ ስለተኛች ቤቱን የምትይዝ ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ከሄድኩ ትምህርቴ እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ሁላችንም እናውቃለን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአባቴ የክርስትና አባት ስለነበሩ፣ አባቴ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። እኔን የጠየቀኝ የለም። እናቴም ያለችኝ «የሽማግሌዎቹን ጠላ አንቺ ጥመቂው» ብቻ ነው።

እስከዚያ ድረስ አግዣት እንጂ ብቻዬን ጠምቄ አላውቅም። ጋኑን በግራዋ አጥቤ በወይራ አጠንኩ፤ ጌሾውን ጠነሰስኩ፤ ገብሱን ቆላሁ። በመጨረሻም የጋኑን አፍ በጭቃ መርጌ ጠበቅሁ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡ ዕለት ጠዋት ከፍቼ ከላይ ቀዳሁና ወደ ደጅ ይዤው ወጣሁ። ጥርት ያለ ነበር። ማግባቱን ባልፈልገውም ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ተቀመጡ። ብርጭቆ ላመጣ ጓዳ ስገባ እናቴ ቅል ይዛ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ የጋኑን ሥር ታማስላለች። አተላው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም ብለሽ ብርጭቆ እጠቢ» አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።

ራሷ ቀድታ ራሷ አቀረበች። የአባቴ የክርስትና አባት ብርጭቆውን አንስተው አዩትና መልሰው አስቀመጡት።

«ወይዘሮ በላይነሽ፣ የዚህን ቤት ጠላ እናውቀው የለም እንዴ?»

«የኔ አይደለም ጌታዬ፤ የልጅቷ እጅ ነው። ያላሳየኋት ነገር የለም፤ አልሆንላት አለ።»

ዳር የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቁ። «ታዲያ ሙሽራውን አተላ ልናጠጣው ነው?» አሉ። አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ በሩ ላይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ጠዋት ጠልሎ ነበር ልል አፌን ስከፍት እናቴ አየችኝ። ያን ቀን ዓይኔን ያየችኝ ያኔ ብቻ ነው። አፌን ዘጋሁ።

«እጇ እስኪፈታ ትንሽ ትቆይ» አሉ የክርስትና አባቱ ሲነሱ። የልጁ ቤት ግን የሚቆይበት ጊዜ አልነበረውም፤ ጥምቀት እንዳለፈ ልጁ ሌላ አገባ።

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ታይፒስት ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣም በዚያው ሥራ ኖርኩ። በመንደሩ ግን ጉሽ የሚል ስም ወጣልኝ፤ ያልጠለለ ጠላ ማለት ነው። ደብተሬን ይዤ ሳልፍ ቦኖ ላይ የሚቆሙት ሴቶች «ጉሽ መጣች» ይባባላሉ። እናቴም ቃሏ እንዳይፈርስ ከዚያ ወዲህ ጋን አላስነካችኝም። ሰው ሲጠይቃት «እሷ አይሆንላትም» ትላለች። ስትደጋግመው እኔም እውነት እየመሰለኝ ሄደ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ታማ ሳስታምማት፣ አንድ ጊዜ አነሳሁባት። «ያን ጠላ ለምን አደፈረስሽው?» አልኳት።

«የትኛውን ጠላ?» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደግሜ አልጠየቅኋትም።

ሰናይት ብርጭቆዬ ብዙም እንዳልጎደለ አይታ «ካልወደድሽው የጠለለም አላቸው፤ ላስቀይርልሽ?» አለችኝ።

«ተይው፣ ይሁን» አልኳት። በቀስታ ጠጣሁት። ውጭ የመኪናው ጩኸት አይቋረጥም፤ ያን ሁሉ መንገድ መመለሱን ሳስበው ደከመኝ።

«እቴቴ፣ አያቴ ጠላ ላይ የታወቀች ነበረች ይባላል። አንቺስ ጠምቀሽ ታውቂያለሽ?»

በመንደሩ ከነበሩት ሰዎች ማን በሕይወት እንዳለ እንጃ።

«አንድ ጊዜ» አልኳት። «ጥርት ብሎ ወጥቶልኝ ነበር።»