ያለ ማዘዣ

አቃቂ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሶ መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ ዶክተር ይባላል። እኔ ድራጊስት ነኝ። «ዶክተር አይደለሁም» እያልኩ ሁለት ዓመት ያህል ተከራከርኩ፤ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። መድኃኒት ቤቴ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከአንድ የክር ፋብሪካ በር የሦስት ደቂቃ መንገድ ነበር። ሺፍት ሲለቀቅ ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ ብናኝ ጥጥ እንዳለ ይገቡና የራስ ምታታቸውንም የባላቸውንም ጠባይ ይነግሩኛል። ለራስ ምታቱ መድኃኒት ነበረኝ።

ከእነሱ አንዷ፣ በክር መፍተያው ማሽን ላይ የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ይህን የምናውቀው እናቷ፣ ታላቅ እህቷና እኔ ብቻ ነበርን። ፋብሪካው ከሰማ ከማሽን ያነሣታል፣ ከዚያም ያሰናብታታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰው ትፈራ ነበር። በሽታው ይጋባል ብሎ የሚያምን ሰፈር ውስጥ ነው ያደገችው፤ ምሳ ሰዓት ላይ አብረዋት የሚበሉት ሴቶች ሲሸሿት አስቀድማ ይታያት ነበር።

የምትወስደው ፌኖባርብ የሚባለውን ክኒን ነው። እንደ ሌላው መድኃኒት በዋዛ የሚሸጥ አይደለም። የሚወጣው በልዩ ማዘዣ ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ እኔ ጋ ይቀራል፣ ክኒኑ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ እያንዳንዷ ፍሬ መዝገብ ላይ ትሰፍራለች። ቤተሰቡ ለዚህም መላ አበጅቶለት ነበር። ታላቅ እህቷ በየወሩ ጤና ጣቢያ ሄዳ «የምወድቀው እኔ ነኝ» ትላለች። አወዳደቁን ሳይቀር አሳምራ ለሚመረምራት ነርስ ትተርክለታለች። ወረቀቱ በታላቂቱ ስም ይወጣል፣ ክኒኑን ታናሺቱ ትውጣለች። ሳውቅ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ዝም አልኩ። ልጅቷ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልወደቀችም። ከእጄ ከወጣ መድኃኒት ሁሉ የኮራሁበት እሱ ነው።

እህትየዋ ቤሩት ስትሄድ ወረቀቱም ቀረ። የመጀመሪያው ወር ላይ ልጅቷ መጥታ «እትዬ፣ እስካስተካክለው ይታገሡኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ሁለተኛውም ወር እንደዚያው ሆነ። አምስት ወር ሙሉ ያለ ወረቀት ሰጠኋት፤ በየወሩም ይህ የመጨረሻው ነው እል ነበር።

ከክፍለ ከተማ የመጣው ተቆጣጣሪ ወጣት ነው፣ ትሑትም ነው። ክኒኖቹን በራሴ መቁጠሪያ ሳህን ላይ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። የአምስት ወር ወረቀት እንደሚጎድል ነገረኝ። «ጠፍተውብኝ ነው» አልኩት፤ ውሸቴ ፊቴ ላይ ይነበብ ነበር። አልጮኸብኝም። ሌላ ሰፈር ያለ ወረቀት የተሸጠ ይኸው ክኒን አንዲት ተማሪን እንደገደላት፣ ሬሳዋን ራሱ እንዳየ ነገረኝ። «እኛ ሰው ለማስቸገር አይደለም የምንዞረው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ፤ እሱን እየረገምኩ እኖር ነበር። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጽፎ አስፈረመኝ። አንድ ጊዜ ከተደገመ መድኃኒት ቤቱ ይታሸጋል፣ የሙያ ፈቃዴም ይነጠቃል።

በሳምንቱ ልጅቷ መጣች። ሌላ ደንበኛ አልነበረም።

«ከእንግዲህ ያለ ወረቀት አልችልም» አልኳት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«እትዬ፣ የቀረኝ አራት ፍሬ ነው።»

«በራስሽ ስም አስጽፊያ።»

«ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ግማሹ የኛ ፋብሪካ ሰው ነው። ስሜ ሲጠራ የማይሰማ ማን አለ?»

«ከተማ ሆስፒታል ሂጂ እንግዲያው። እዚያ ማን ያውቅሻል?»

«ፈቃድ ስጠይቅ ምንሽን አመመሽ ይሉኛል። ዕረፍቴ እሁድ ነው፤ እሁድ ደግሞ ካርድ አያወጡም። ይቺን ወር ብቻ፣ እትዬ።»

ቁልፉ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነበር። እጄም እዚያው ነበር። አላወጣሁትም። «ፈቃድ እስክታገኚ ግማሽ ግማሽ እያደረግሽ አብቃቂያቸው» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ይህ ክኒን በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ብሶ እንደሚመለስ፣ ሊገድልም እንደሚችል ተምሬያለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ።

«እሺ» ብላ ወጣች። በሚቀጥሉት ቀናት ወደ ሥራ ስታልፍ በሩ ላይ እጇን አንሥታ ሰላም ትለኛለች። እኔ መሳቢያ ውስጥ የጠፋብኝ ነገር ያለ ይመስል አጎነብሳለሁ። ሳትገባ ስታልፍ እፎይ እል ነበር፤ ወረቀቱን ከሌላ ቦታ አውጥታ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጠርቼ ብጠይቃት ምን ነበረበት?

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ከፋብሪካው በር በኩል ጩኸት ሰማሁ። አራት ሴቶች በጋቢ ተሸክመዋት እየሮጡ ወደ እኔ መጡ፤ ቅርቡ እኔ ነበርኩ። ግቢው ውስጥ ስትወድቅ እንደ ወጉ ክብሪት እየጫሩ አሽትተዋት ነበር፤ ፓኮው አልቆ እሷ አልነቃችም። መሬት ላይ አስተኟት። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው ይጀምራታል።

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩት። ወረቀት አልጠየቅሁም። ክኒን በመዳፌ ይዤ አጠገቧ ተንበረከክሁ፤ ጥርሷ ገጥሞ ነበር። ቢከፈትም ኖሮ መዋጥ አትችልም፣ ይታነቃታል። የምሰጠው መርፌ የለኝም። አንዷ ሴት ትከሻዬን ይዛ «ዶክተር፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ስጫት እንጂ!» እያለች ትነቀንቀኛለች። ክኒኖቹ በላቤ እጄ ላይ ሟሙ።

ሚኒባስ አስቁመን ሰዎቹን አስወርደን ጫንናት። ጭንቅላቷን እኔ ጭን ላይ አደረግሁት። ቃሊቲ ሳንደርስ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ሴቶቹ «ተመስገን፣ ተሻላት» አሉ። እኔ ግን አንገቷን ዳስሼ ትርታ አጥቼ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሰው እንደሄደ ሄድኩ። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ፣ እናትየዋን ፊት ለፊት ሳላይ ወጣሁ። ከወር በኋላ ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጣ። ወረቀቱንና ክኒኑን አመሳከረ፤ እጄ ላይ የሟሙትን «ተበላሽተው የተወገዱ» ብዬ መዝግቤያቸው ነበርና አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። «እንደዚህ ሲሆን እኛም ደስ ይለናል» አለኝ፣ ከልቡ። አመሰግናለሁ አልኩት። በሩን ዘግቼ ጓዳ ገባሁና አፌን በጋውኔ ይዤ አለቀስኩ።

ከአርባዋ በኋላ አልቻልኩም፤ እናቷ ቤት ሄድኩ። ብቻቸውን ነበሩ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። ለእናት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተደርጎ እንደሚነገር አላውቅም፤ እንዳለ አወጣሁት። «እማማ፣ ክኒኑን የከለከልኳት እኔ ነኝ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«የከለከልሻት ዕለት ማታውኑ ነግራኛለች። እኔ ነጠላዬን አንሥቼ እግርሽ ላይ ልወድቅ ተነሥቼ ነበር። በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍ አለችኝ። ‹እማዬ፣ እትዬን አታስጨንቂብኝ፤ በእኔ ምክንያት ሱቃቸው ይታሸጋል፤ እኔ እሁድ ተኝቼ ስውል ይሻለኛል› አለችኝ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አንዴ መቱት። «ምነው ባልሰማኋት! ምነው ገፍትሬያት በወጣሁ!»

ያን ዕለት መጥተው ቢሆን ኖሮ ክኒኑን እሰጣቸው እንደነበር ጠየቁኝ። ለእሳቸው ምን ብዬ እመልሳለሁ? እሰጥዎት ነበር ብላቸው ልጃቸውን የገደሉት እሳቸው ይሆናሉ። አልሰጥዎትም ነበር አልኳቸው።