ቢጫ ለብሳ የተሣለችው ሴት

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ለቡ

ከቤት የወጣነው እኔና ልጄ መክሊት ነን። ጉዳዩ የእሷ ነው። ብስራተ ገብርኤል የልብስ ስፌት ቤት ያላቸው ወይዘሮ አልማዝ አሥራ ሁለት የፋሽን ሥዕሎቿን ሊያዩላት ቀጥረዋታል። ከወደዷቸው ግድግዳቸው ላይ ይሰቅሏቸዋል፤ ደንበኛ እያየ ያዛል። ካልወደዷቸው መክሊት ብሩሿን ልትጥል ምላለች። ሥዕሎቹን ጠቅልዬ የቧንቧ ቁራጭ ውስጥ ከተትኳቸው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ ጽሑፌ ቢያነክስ አትፍረዱብኝ፤ ብትፈርዱም ግድ የለኝም።

ሦስት ሰዓት፣ ሀይሌ ጋርመንት

መንገዱ እንደ ልማዱ ተቆፍሯል። ታክሲ ለመቀየር ወርደን ሳምቡሳ ገዛን፤ ዘይቱ የትናንት ነው። ልጄ ከጭንቀት የተነሳ መብላት አቃታት፤ የእሷንም በላሁት። ሥዕሎቹን ከቧንቧው መዝዤ የሣለቻቸውን ሴቶች ቅጥ ያጣ ረጅም እግር አይቼ፣ ለእነዚህ ስድስት ሜትር ጨርቅም አይበቃም አልኳት። “አባዬ፣ የፋሽን ሥዕል እንዲህ ነው” ብላ ሳቀች።

ጠይም አለች፣ ቀይ ዳማ አለች፣ ወፍራም አለች፣ ሻሽ ያሰረች አለች። አንዷ ግን ጥቁር ናት፣ ልቅም ያለች ጥቁር፤ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። እናቷ ናት፣ ሚስቴ ዘነበች። በሕይወቷ ቢጫ ለብሳ አታውቅም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ብስራተ ገብርኤል

ወይዘሮ አልማዝ አሥራ አንዱን አደነቁ። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ሲደርሱ፣ “ይቺን ቀላ አድርጊያት፤ ለጥቁር ሴት ቢጫ አይሄድም” አሏት።

መክሊት ሥዕሎቿን መጠቅለል ጀመረች።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ለደንበኛም ለሚስቴም ብዬዋለሁ። ቢጫ ጨርቅ ይዛ የመጣችን ጥቁር ሴት ሁሉ ቡናማ አስገዝቻለሁ።

“እኔም እንደዚሁ እል ነበር” አልኳቸው። “ሙያውን ያስተማረኝ ሰፊ እንዲህ ብሎ ስለነገረኝ እንጂ፣ አንዲትም ጥቁር ሴት ቢጫ አልብሼ አላየሁም።”

ቡናማ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ጥቁር ደንበኛ ከአግዳሚው ተነሳች። ሥዕሉን መስታወት ፊት ወስዳ ከጉንጯ አጠገብ ያዘችው፤ ቆይታም፣ “ቡናማውን ተዉት። ይሄን ስፉልኝ” አለች።

ወይዘሮ አልማዝ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሥዕሉን አዩ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው ከመጽሔት የተቀደዱትን የፈረንጅ ፎቶዎች ከግድግዳው ይነቅሉ ጀመር። “እግሯን ግን እንደ ሰው ነው የምለካው” ሲሉ መክሊት እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት

ስንመለስ ሦስት ሜትር ቢጫ ጨርቅ ገዛሁ። ዘነበች ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ላንቺ አልኳት።

“ለጥቁር አይሄድም ያለው ማን ነበር?”

“አንድ ደንቆሮ።”

ፊደል በአርባዬ፣ ቀለም በስልሳዬ ገባኝ። ሜትሩን ከአንገቴ ሳወርድ እጆቿን ቀድማ ዘረጋች።

“በል ለካ” አለች። “ሠላሳ ዓመት አርፍደሃል፤ ቁመቱን ደግሞ እንዳታሳጥርብኝ።”