ጀዲና እባብ፣ ሑትና ፈረስ

ወረቀቱን ያመጣሁት እኔው ነኝ። የሶማሊያ ጦርነት ካለፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ፈረስ መጋላ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ከጊደር መጋላ ገበያ የገዛሁት ጥቁር አዝሙድ የተጠቀለለው በእንግሊዝኛ መጽሔት ገጽ ነው። ገጹ ላይ ሠንጠረዥ አለ፤ በአንድ በኩል እኛም የምናውቃቸው ከሐመል እስከ ሑት ያሉት ኮከቦች፣ በሌላው በኩል ቻይናዎች ለየዓመቱ የሚሰጧቸው አሥራ ሁለት እንስሳት። ሁለቱን አጋጥሞ የሰውን ጠባይ፣ ማን ከማን እንደሚስማማም ይናገራል።

እጮኛዬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበር እንሳቅበት ብዬ ሰጠሁት። መጀመሪያ ሳቀ።

"እኔ አሳማ ነኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ!" አለኝ። "አንቺስ መቼ ተወለድሽ?"

ቀኑን አላውቀውም ነበር። መታወቂያዬ ላይ ያለውን ቀን የቀበሌው ጸሐፊ ከራሱ አመንጭቶ ነው የሞላው። ቤት ገብቼ እናቴን ጠየቅኳት።

"ዓመቱን አልስተውም" አለች። "ቀኑ ግን... ጥምቀት ሰሞን መሰለኝ። ወይስ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት? እኔ ያን ጊዜ ስለ ምጤ እንጂ ስለ ቀኑ መች አሰብኩ!"

"እማዬ፣ እስቲ አስታውሺ።"

"አሁን ምን ሊረባሽ ነው?"

የቻይናዎቹ ዓመት የሚለወጠው በሁለቱ በዓላት መካከል ነው። ጥምቀት ከሆነ ጀዲና እባብ ነኝ፤ ኪዳነ ምሕረት ከሆነ ሑትና ፈረስ። ፈረስና አሳማ አብረው ይኖራሉ። እባብና አሳማ ግን አንዱ ሌላውን ያጠፋል ይላል ወረቀቱ። ይህን ሲያነብልኝ አልሳቀም። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር "እናትሽ አስታወሱ?" ይለኝ ጀመር። ሲሰለቸኝ "ኪዳነ ምሕረት ነው አለች" አልኩት። ፊቴን አየና "ዋሸሽ" አለኝ። ሊልካቸው የነበሩት ሽማግሌዎችም ቀሩ፤ እናቱ የወረቀቱን ነገር ሰምተው እንቢ ብለዋል አሉኝ።

ፈላና በር አጠገብ ያለው ቤታቸው ሄጄ እናቱን አነጋገርኳቸው።

"ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ መሰለሽ?" አሉኝ። "ትልቁ ልጄ ሊያገባ ሲል ኮከብ ቆጣሪው አይገጥሙም ብሎኝ ነበር። ስቄበት መጣሁ። ልጄ ባገባ በአራተኛ ወሩ ዘመተና ጅጅጋ በኩል ቀረ።"

የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሳ እዚያው ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና አላለችም።

"ታዲያ የእሷ ጥፋት ነው?" አልኳቸው።

"እሷ ምን አደረገች? ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ግን የቀረኝ አንድ ልጅ ነው።"

እሳቸው የሚፈሩት እንደማይደርስ እኔ ዋስ ልሆን አልችልም። ልወጣ ስነሳ ምራታቸው እስከ በሩ ሸኘችኝና እጄን ያዘች።

"ተይው እህቴ። እሱን ራሱን ባመመው ቁጥር አንቺን ነው የሚያዩሽ" አለችኝ ቀስ ብላ።

በዓመቱ ድሬዳዋ ተዛወረ፤ እናቱ ኮከቧን ያስቆጠሩላትን ልጅ አገባ። እኔም ቆይቼ ሌላ ሰው አገባሁ። እናቴ ቀኑን ሳታስታውስ ሞተች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፈረስ መጋላ ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። ወፍሯል። ሴት ልጁን በእጁ፣ ትንሹን በትከሻው ይዟል፤ ሚስቱ ከኋላው ስቃ ሰላም አለችኝ። ስለ እናቴ ሲጠይቀኝ ማረፏን ነገርኩት፤ አዘነ። ያ ሁሉ ከንቱ ነበር ልለው ለዓመታት ያሰብኩት ነገር ነበረኝ። ጤነኛ ሆኖ፣ ኮከቧ የገጠመለትን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ፊቴ ቆሟል፤ ምን ብዬ ልጀምር? ታክሲያቸው መጣ፤ ተሳፍረው ሄዱ።