ያልበተንኩት አፈር

ኒውላንድ ሰፈር ካለው ቤቴ ፖሊሶች ሲወስዱኝ የጫማዬን ክር እንኳ አላሰርኩም ነበር። እስር ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው፤ ላብና ሽንት የሚሸት ሲሚንቶ። አምስት ሰዎች ነበሩ። በር አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ጠጋ አሉልኝ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ጽፌ።»

«እኔ ተናግሬ» አሉ። ባሮ ወንዝ ዳር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ስብሰባ ላይ ስለ መሬታቸው ጠይቀው ነው የታሰሩት።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ወሬ አያልቅብኝም። ሙቀቱ ሲጠናብን ስለ ጥንት ሮማውያን አወራላቸዋለሁ። አንድ ቀን ቴሉስን አነሳሁ፤ እናት የሚሏትን የምድር አምላካቸውን። ስሟን ሲጠሩ መሬቱን በእጃቸው ይነኩ እንደነበር ነገርኳቸው። ሽማግሌው ወለሉን መታ መታ አደረጉና «ይሄ መሬት አይደለም፣ ቲቸር» አሉ። ሳቅን። እኔም ሞቅ ብሎኝ ቀጠልኩ።

«ሬሳ አፈር ሳያለብስ የቀረ ሰው እሷን እንደ በደለ ይቆጠራል። መሥዋዕት አቅርቦ ካልታረቃት አዲስ እህል አይቀምስም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከወለሉ አነሱ። «ሚስቴ የሞተችው እኔ እዚህ ከገባሁ በኋላ ነው» አሉ። «ልጄ ነች የቀበረችው።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

በሳምንቱ ልጃቸው ከማሳቸው የተነቀለ እሸት ለውዝ በፌስታል ላከች። አፈሩ አልታጠበም። ጠባቂው «ይሄን ቆሻሻ ነው የምትበሉት?» ብሎ ወረወረልን። ሽማግሌው ለሁላችንም አደሉ። እሳቸው ግን አልቀመሱም።

«አባባ፣ ይብሉ እንጂ።»

«አንተ ነህ ያልከው። አዲስ እህል።»

«እሱ የሩቅ ሰዎች ወግ ነው። ተሳስቼ ነው ያወራሁት፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ጌታን ነው የማምነው። ያንተን ሴትዮ አላውቃትም» አሉ። አንዱን ለውዝ አንስተው በጣታቸው አሹት። «አፈሩ ግን የማሳዬ ነው። ሚስቴ እዚያ ነች፣ ማንጎው ሥር።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልበላም። የደረሰንን ለውዝ ፍሬ በፍሬ እያሸን አፈሩን መሐረባቸው ላይ አራገፍን። ተሰብስቦ አንድ ጭብጥ አልሞላም። ጠባቂው በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ምን እየሠራችሁ ነው?» አለ።

«ቀብር» አሉት ሽማግሌው።

አየት አየት አደረገንና ሄደ። ሽማግሌው የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተነሡ። እኛም ተነሣን። አፈሩን ሦስት ጊዜ ቆንጥረው ሲሚንቶው ላይ በተኑት። «አፈሩን ገለባ ያርግላት» አልን። እሳቸው ተቀምጠው አንድ ለውዝ ፈለፈሉና እያለቀሱ በሉ። እኔም አለቀስኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ብለው ወሰዷቸው። እኔ ከጊዜ በኋላ ተፈታሁ። እሳቸው የት እንዳሉ የሚነግረን አላገኘንም፤ ልጃቸው ያላንኳኳችው ቢሮ የለም።

ለውዝ በደረሰ ቁጥር ትምህርት ቤት ድረስ ታመጣልኛለች፤ ሳታጥብ። ዘንድሮ ድምፅዋ ተዳክሞ «ቲቸር፣ ለአባቴ በትንለት» አለችኝ።

አልቻልኩም። ከበተንኩት ሞተዋል ማለቴ ነው። አፈሩን አራግፌ በጠርሙስ አስቀምጬዋለሁ። ለውዙን ለተማሪዎቼ አደልኩት። እኔ አልቀመስኩም።